ደቻቱ ዳር ስድስት ቀን

ቀን 1፣ ሐሙስ

ከአዲስ አበባ የወጣነው ሌሊት 11 ሰዓት ነው። ድሬዳዋ በመኪና 500 ኪሎ ሜትር ምናምን ስለሆነ ቀኑ መንገድ ላይ ነው ሚያልቀው፣ ደግነቱ መስኮት ጋር ደርሶኛል። አዳማ፣ መተሃራ፣ አዋሽ እያልን ሙቀቱ እየጨመረ መጣ፣ ከሚኤሶ በኋላ ተራራው ሲጀምር ደግሞ አየሩ ተቀየረና ሰው ሁሉ ሹራብ ፍለጋ ቦርሳውን መጎርጎር ጀመረ፣ ጭሮ ላይ (ብዙ ሰው አሁንም አሰበ ተፈሪ ነው ሚላት) ምሳ በልተን ሂርናን አለፍን፣ ቁልቢ ስንደርስ ከፊቴ የተቀመጡት እናት ባሱ ሳይቆም ከወንበራቸው ብድግ ብለው ተሳለሙ።

ለምን እንደምሄድ ልፃፍ። እኔ ሰፈሬ ውስጥ እድሩ ያቋቋመው የውሃ ኮሚቴ አባል ነኝ፣ ሁለት አመት ሞላኝ። እንሰበሰባለን፣ ደብዳቤ እንፅፋለን፣ ቢሮ እንመላለሳለን፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። ባለፈው ከአንድ የድሬ ልጅ ከሆነ ጓደኛዬ ጋር ቁጭ ብለን ስማረር "እዚህ ከምትበሳጭ ሂድና አክስቴ እንዴት እንደምትሰራ እያት፣ ደቻቱ ዳር ነው ምትኖረው" አለኝ። በቃ ፈቃድ ወሰድኩና ተነሳሁ።

ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ወደ ሐረር ሌላው ወደ ድሬ። ወደ ድሬ ሚወርደው ጥምዝምዝ ነው፣ ጆሮህ ድፍን ክፍት ድፍን ክፍት ይላል፣ በየኩርባው ሙቀቱ አንድ ደረጃ ይጨምራል። አንድ ነገር ግን ልብ አልኩ፣ ግራና ቀኝ ያለው ገደል በሙሉ በጎርፍ የተቦረቦረ ነው፣ ሁሉም ቦይ ደግሞ ፊቱን ያዞረው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፣ ታች ወዳለችው ከተማ። ያኔ የመልክዓ ምድር ነገር ብዬ አለፍኩት።

ማታ ደረስኩ። የጓደኛዬ አክስት በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። "እንደምን አመሹ፣ እርስዎን በማግኘቴ…" ብዬ ስጀምር "አቦ እርስዎ ምናምን ተው፣ ድሬ ነህ፣ አንቺ በለኝ" አለችኝ። የ60 ምናምን አመት ሴት አንቺ ማለት አፌ ላይ ከብዶኝ ነበር፣ በሁለተኛው ቀን ለመድኩት። ሰፈሩ በሙሉ "አዴ" ነው ሚላት፣ እኔም እዚህ አዴ እያልኩ እፅፋለሁ።

ቀን 2፣ አርብ

ድሬ ባቡር የሰራት ከተማ ነች። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ ሜዳው ላይ ቀረና በ1895 ዓ.ም ጣቢያው ዙሪያ ከተማ ተወለደ፣ አፄ ምኒልክ አዲስ ሐረር ብለዋት ነበር። በአንድ በኩል ከዚራ አለ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ ጥላ የጣለበት፣ ፈረንሳዮቹ በፕላን የሰሩት። በሌላ በኩል መጋላ፣ ገበያው፣ ጠባቡ መንገድ፣ ግርግሩ። መሃል ላይ ደቻቱ። ደቻቱ ወንዝ ይባላል እንጂ አመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ውሃ የለውም፣ ሰፊ አሸዋ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ አህያ ይተኛበታል፣ አሸዋ ይዛቅበታል፣ ሰው እንደ አቋራጭ ይሄድበታል። ላልነገሩት ሰው ሜዳ ነው ሚመስለው።

የአዴ ሰፈር ከዚህ አሸዋ ጠርዝ ላይ ነው። የጭቃና የቆርቆሮ ቤቶች ተደጋግፈው ቆመዋል፣ አብዛኞቹ ካርታ የላቸውም፣ ካርታ ከሌለ ደግሞ የራስ ቆጣሪ ማስገባት ከባድ ነው፣ ስለዚህ ሰው ከቦኖ ይቀዳል ወይ ቆጣሪ ካለው ጎረቤት በጄሪካን ይገዛል። ያም ውሃው ሲመጣ ነው።

ጠዋት ሻይ እየጠጣን አዴ አንድ ደብተር አወጣች። ጠርዙ ያለቀ፣ በፕላስተር የተያያዘ የተማሪ ደብተር ነው። በማስመሪያ አምድ ተሰርቶለታል፦ ቀን፣ ውሃ የመጣበት ሰዓት፣ የሄደበት ሰዓት፣ እስከየትኛው ቤት እንደደረሰ። ሰፈሩን በአራት መስመር ከፍላዋለች፣ በየመስመሩ አንድ ተማሪ ልጅ አለ፣ ውሃ ሲመጣ ሰዓቱን ይዞ እየሮጠ ይነግራታል፣ ሌሊትም ቢሆን። እሷ ራሷ የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ ፅሁፏ ትልልቅ ነው፣ ቁጥሮቿ ግን ጥርት ያሉ ናቸው። የ14 ወር ነው። አንድ ቀን አልዘለለችም፣ ውሃ ያልመጣበት ቀን ላይ ራሱ "የለም" ብላ ፅፋለች። የለም የለም የለም የለም ሚል አንድ ሙሉ ገፅ አየሁ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብዬ አየሁት።

እኔ የኛ ኮሚቴ የፃፋቸውን ደብዳቤዎች በስልኬ ይዤ ስለነበር አንዱን አነበብኩላት። "ነዋሪው ለረጅም ጊዜ በከፍተኛ የውሃ ችግር ላይ የሚገኝ በመሆኑ" ሚል ነው። አስጨረሰችኝና "ረጅም ማለት ስንት ቀን ነው?" አለችኝ። አላውቀውም። "አንተ ካላወቅከው እነሱ ከየት ያውቁታል" አለች፣ ሻዩን ጨመረችልኝ።

ከሰዓት አዛን ሲል ሰፈሩ ወደ ጁምዓ ወጣ፣ ጎረቤት ያሉት ኦርቶዶክስ እናት የአዴን ጄሪካኖች በሷ ወረፋ ላይ አሰልፈው ቆመው አገኘኋቸው፣ እሁድ ጠዋት እሳቸው ቅዳሴ ሲሄዱ ተራው የአዴ ነው። ማንም ስለዚህ አያወራም፣ እንደዛ ነው ሚኖሩት።

ቀን 3፣ ቅዳሜ

ይሄንን ቀን ነው በደምብ መፃፍ ምፈልገው።

ቅዳሜ የበርሜል ቀን ነው። አዴና ስድስት ሴቶች፣ አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያና ሁለት ጎረምሶች ሆነው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ውሃ በየስንት ቀኑ ስለሚመጣ እያንዳንዱ ቤት ቢያንስ አንድ በርሜል አለው፣ ፕላስቲክ ሮቶ ያለውም አለ፣ ድስትና ባልዲ ሳይቆጠር። የተጠራቀመ ንፁህ ውሃ፣ የድሬ ሙቀት፣ ያልተገጠመ ክዳን። ለትንኝ ከዚህ በላይ ቤት የለም።

ድሬ ይሄንን በደምብ ታውቀዋለች። በ2006 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ዴንጊ ሚባል በትንኝ ሚተላለፍ በሽታ ገባ፣ ያኔ በአገራችን የመጀመሪያው የተመዘገበ ወረርሽኝ ነው፣ ከ10 ሺ ሰው በላይ ታሞ ነበር። ከዛ በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ መጣ፣ እሱ ደግሞ በአስር ሺዎች ነው የጣለው። ቺኩንጉንያ ሚለው ስም ራሱ ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ አካባቢ ከማኮንዴ ቋንቋ የመጣ ነው፣ የጎበጠ እንደማለት፣ መገጣጠሚያን ስለሚያኮማትር። አዴ ያኔ ሰፈሩ በሙሉ ግድግዳ እየያዘ ነበር ሚራመደው አለችኝ፣ ህፃን ልጅ እንደ ሽማግሌ ጎብጦ። በ2014 ደግሞ ወባ፣ ያውም በበጋ። ወባ የክረምት መውጫ በሽታ አይደል እንዴ? ጥፋተኛዋ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ምትባል ትንኝ ነች፣ ከደቡብ እስያና ከአረቢያ በኩል የመጣች፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ጅቡቲ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች። ሌሎቹ የኛ የወባ ትንኞች ረግረግና የዝናብ ኩሬ ነው ሚፈልጉት፣ ይቺ ግን በርሜልም ትወዳለች፣ ዝናብ አትጠብቅም፣ ከተማ ውስጥ ተመችቷታል።

አዴ የሷ ዘዴ ነጭ የሻይ ሲኒ ነው። ሲኒዋን በርሜሉ ጥግ ላይ በዝግታ ትከታለች፣ ጥላዋ ውሃው ላይ እንዳያርፍ ጎን ትቆማለች (ጥላ ካዩ ወደታች ይጠልቃሉ)፣ ትቀዳና ወደ ፀሐይ ታወጣዋለች። ሶስተኛው ቤት ላይ አገኘች። "ና እይ" አለችኝ። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም፣ ከዛ ክር የሚያህሉ ነገሮች ሲጠማዘዙ አየሁ። "ይሄ ውሃው ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ሚተኛው የወባዋ ነው፣ ይሄ ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ በጭራው ሚንጠለጠለው የቺኩንጉንያዋ ነው።" ሁለቱም አንድ ሲኒ ውስጥ ነበሩ። እጬ ትንኝ ሆኖ ለመብረር አንድ ሁለት ሳምንት ነው ሚፈጅበት፣ ለዛ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ ማይቀረው።

ደፍቶ መሙላት ብቻውን ደግሞ አይበቃም። የቺኩንጉንያዋ እንቁላሏን ከውሃው ከፍ ብሎ በርሜሉ ግድግዳ ላይ ነው ምትለጥፈው፣ እንቁላሉ ደርቆ ወራት ይቆያል፣ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ በብሩሽ መፈግፈግ አለበት፣ በተለይ የውሃው መስመር የነበረበት ቦታ። ሴቶቹ ክንዳቸውን እስከ ብብት ከተው ሲፈገፍጉ ድምፁ በየግቢው ይሰማል፣ ክሽ ክሽ ክሽ።

አንድ ቤት ላይ ግን ችግር ገጠመን። ብቻቸውን ሚኖሩ ሽማግሌ አባት ናቸው፣ በርሜላቸው ሙሉ ነው፣ ከሁለት ቀን በፊት በአህያ አስጭነው የገዙት ነው። እጭ አለበት። ኤክስቴንሽኗ ልጅ ይደፋ ስትል በሩ ላይ ቆሙና "ከኔ ሬሳ በኋላ" አሉ። ልጅቷ በትህትና ነበር ያስረዳችው፣ ትክክልም ነች፣ ግን እሳቸውም ትክክል ናቸው፣ ለዛ ውሃ የሳምንት ገንዘባቸውን ነው የከፈሉት፣ ደግሞ የሚመጣበትን ቀን ማን ያውቃል። አዴ ምንም አልተናገረችም። ሻሿን ፈታች፣ አራት እጥፍ አድርጋ ባዶ ጄሪካን አፍ ላይ አሰረችና በጆግ እየቀዳች ማጥለል ጀመረች። ከዛ ሁለተኛ ጄሪካን፣ ሶስተኛ፣ ከጎረቤት አስመጣን። አንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። በርሜሉ ባዶ ሲሆን ፈገፈገችው፣ አሸዋው ላይ ገልብጣ ፀሐይ አስመታችውና ውሃቸውን እዛው መለሰችላቸው፣ ጠብታ አልጎደለም ማለት ይቻላል። ሻሹን እዛው ድንጋይ ላይ ዘርግታ አሳየቻቸው፣ ላዩ ላይ እጮቹ እየተንፈራገጡ ነበር። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ብዙ ሰዓት አዩትና "ይሄን ነው ስጠጣ የነበረው?" አሉ። ከዛ ክዳን ጠየቁ። ክዳኑ ቀላል ነገር ነው፣ ወፍራም ጨርቅ በርሜሉ አፍ ላይ ይዘረጋና ከመኪና ካላማዳሪያ በተቆረጠ ላስቲክ ዙሪያውን ይታሰራል፣ ጎረምሶቹ ጎሚስታ ቤት ሄደው የተጣለ እየለመኑ ነው ሚቆርጡት።

ማታ ላይ ስንት ቤት ተፈተሸ፣ ስንቱ ጋር እጭ ተገኘ፣ ስንቱ ክዳን አለው ሚለውን እዛው ደብተር ጀርባ ላይ ፃፈች። "በሽታውም ውሃውም አንድ ደብተር ላይ ነው መሆን ያለበት" አለች፣ "ምክንያቱም ውሃው ሁለተኛ መስመር ላይ ለ10 ቀን ሲጠፋ እጩ እዛው መስመር ላይ ነው ሚበዛው፣ ወላሂ አይቼዋለሁ።" ገፁን ገልብጣ አሳየችኝ። እውነቷን ነው።

ቀን 4፣ እሁድ

ቀን ላይ ሙቀቱ ስራ አላሰራንም፣ ተኛን። መፃፍ ያለበት የማታው ነው።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ10 ላይ የአዴ ስልክ ጠራ። ደንገጎ ጫት ምትሸጥ አንዲት ሴት ነች፣ ገበያ ላይ ነው የተዋወቁት። አዴ በኦሮምኛ ስታናግራት ቆየችና ዘጋች። "ደጋው ላይ ከመሸ ጀምሮ ዶፍ ነው" አለችን። እኛ ጋር ሰማዩ ኮከብ ነው፣ ጠብታ የለም። የመስመር ልጆቹ ተጠሩ፣ ቆርቆሮ እየደበደቡ ወረዱ፣ አሸዋው ላይ ያሉት እንዲወጡ፣ አህያ ያሰረ እንዲፈታ፣ ታችኛው ጠርዝ ያሉ ሰባት ቤቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ላይ እንዲመጡ። አንዳንዱ ያጉረመርማል፣ ባለፈው ጠርተሽን አልመጣም እኮ ይላል፣ ግን ይወጣል።

ስንጠብቅ ነው ያወራችኝ። ሐምሌ 30 ቀን 1998፣ ሌሊት፣ ሰው በተኛበት። ጎርፉ ከደጋው ወርዶ ደቻቱን ሞልቶ ወጣና ከ200 ሰው በላይ ይዞ ሄደ፣ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። ጎረቤቷ የነበረች ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር፣ ሶስቱም። "ማታ በርበሬ አበድሬያት ነበር" አለች አዴ፣ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ከዛ በኋላ አንዳንድ ቦታ ዳር ዳሩ ላይ ግንብ ተሰርቷል፣ እሷ ግን ግንብ አያስተኛኝም ነው ምትለው፣ ለዛ ነው ደንገጎ ላይ ሰው የፈለገችው።

4 ሰዓት ከ25 ላይ መጣ። ከማየታችን በፊት ሰማነው፣ ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ሚንከባለል ድምፅ፣ ከሩቅ የጭነት መኪና ሰልፍ ሚመስል። ከዛ ሽታው፣ እርጥብ አፈር። በባትሪ ስናበራ አሸዋው ላይ አንድ ቡናማ ምላስ እየተሳበ ሲመጣ አየን፣ ፊቱ ላይ አረፋ፣ ቅጠል፣ ጫማ፣ ፕላስቲክ ተሸክሞ። በደቂቃ ውስጥ ጉልበት ደረሰ። ከዛ አላለፈም፣ ቤትም አልገባም፣ ሁለት ሰዓት ፈሶ ቀነሰ። ትናንት ልጆቹ ኳስ ሲጫወቱበት የነበረው ጎል ድንጋዩ የለም። እግሬ ሲንቀጠቀጥ ነበር፣ አዴ ደግሞ ባትሪውን ጥርሷ ላይ ነክሳ ደብተሩ ላይ ትፅፋለች፦ ስልክ 3፡10፣ ውሃ 4፡25፣ ጉልበት። "አንድ ሰዓት ከሩብ አለን ማለት ነው" አለች፣ "ባለፈው አንድ ሰዓት ከ20 ነበር።"

ቀን 5፣ ሰኞ

ቢሮ ቀን። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልፅፍም፣ አስፈላጊ አይደለም። አዴ፣ ሶስት ሴቶች፣ አንድ የመስመር ልጅ፣ እኔ። አዴ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

ረፋድ 4 ሰዓት ገባን። ኃላፊው ወጣት ነው፣ ትህትና አለው፣ ግን ደክሞታል፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት ክምር ነው። መጀመሪያ ያለው እኔ አዲስ አበባ በቃሌ ማውቀውን ነው፣ ቅሬታችሁን በደብዳቤ አስገቡ፣ እናየዋለን፣ ለናንተ ሰፈር በፈረቃ በየአራት ቀኑ ይለቀቃል። አዴ አልተከራከረችም። ፈረቃውን ማየት እችላለሁ ወይ አለችው። አወጣላት። ደብተሯን ጎኑ ላይ ዘረጋችና በጣቷ ቀን በቀን አብረው ወረዱ። የሱ ወረቀት ወሩ በገባ በ3 ተለቀቀ ይላል፣ የሷ ደብተር መጀመሪያ መስመር መጣ፣ ሁለተኛ መስመር የለም። የሱ በ7 ተለቀቀ፣ የሷ መጀመሪያ መስመር መጣ፣ ሁለተኛ መስመር አምስተኛው ቤት ድረስ። እንዲህ እያሉ ሁለት ወር ወረዱ። ሰውየው እየዋሸ አልነበረም፣ እውነቱን ነው ውሃው ይለቀቃል፣ ሰፈሩ ጋር ግን አይደርስም። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፣ ወረቀቶቹ ጎን ለጎን እስኪቀመጡ ድረስ ያንን ማንም አላየውም።

ከዛ ፌስታሉን ፈታችው። ቁራጭ ቧንቧ ነው፣ ሁለተኛ መስመር ላይ ሲበሰብስ ተቆርጦ የተጣለ። የድሬ የጉድጓድ ውሃ ካልሲየም ይበዛዋል፣ ማንቆርቆሪያ ታች ላይ ኖራ የመሰለ ነጭ ነገር ሁሉም ቤት ያውቀዋል፣ ያው ነገር ቧንቧ ውስጥ ለአመታት ሲጋገር ማለት ነው። ኃላፊው አንስቶ ወደ መስኮቱ አድርጎ በውስጡ አየ፣ ቀጥሎ እኔ አየሁ፣ የእርሳስ ውፍረት ያህል ብርሃን ነው ሚታየው። ሌላው ድንጋይ ሆኗል።

ስልክ አነሳና ቴክኒሺያን ጠራ። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ሁለት ሰዎች መፍቻ ይዘው መጡ፣ ቫልቩን ከፍተው አዩ፣ የትኛው ቦታ ላይ መቀየር እንዳለበት በቀለም ምልክት አደረጉ፣ ስንት ሜትር እንደሚሆን ለኩ። ቧንቧው መቼ እንደሚመጣ አልነገሩንም። አዴ የሰዎቹን የመጡበት ሰዓት፣ ያሉትን ነገር፣ የለኩትን ሜትር ፃፈችና እንዲፈርሙላት ደብተሩን ሰጠቻቸው። አንደኛው ሳቅ አለና ፈረመ፣ ሁለተኛው ትንሽ አሰበና እሱም ፈረመ።

ማታ ሙሸበክ ገዝቼ ገባሁ፣ በላን። ነጋዴ ጎረቤቷ አንድ ባዶ ደብተር ሰጠኝ። ያው ለኔ ሰፈር።

ቀን 6፣ ማክሰኞ

ሐረር አድሬ ነገ በሌሊት ልመለስ ስላሰብኩ ከሰዓት ሚኒባስ ያዝኩ። ጠዋት ላይ ሽማግሌውን አባት ሰላም ልል ገብቼ በርሜላቸውን አየሁ፣ ክዳኑ ታስሯል፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ጭነውበታል፣ ላስቲኩ ስላላስተማመናቸው። አዴ መንገድ ላይ ሸኘችኝ፣ ብዙ አላወራንም፣ ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ መኖሩን ሁለቴ ጠየቀችኝ።

ዳገቱን ስንወጣ ስመጣ ያየኋቸው ቦዮች እንደገና ታዩኝ። አሁን ግን እያንዳንዳቸውን በአይኔ እስከ ታች ተከተልኳቸው፣ ይሄ የት ይገባል፣ ይሄስ፣ ሁሉም ደቻቱ ነው። ደንገጎ ስንደርስ ሹፌሩ ጫት ሊገዛ ቆመ። ወረድኩ። ብርድ ነው፣ በተራራው በኩል ያለው ሰማይ ጠቁሯል፣ ከሩቅ መብረቅ አየሁ። ስልኬን አወጣሁና ደወልኩ።

"አዴ፣ ደንገጎ ነኝ፣ ደመና አለ።"

"ጥቁር ነው ወይስ አመድማ?"

"ጥቁር። በላይ በኩል መዝነብ ጀምሯል መሰለኝ።"

"መሰለኝ ተው፣ ይዘንባል አይዘንብም?"

መንገዱን ተሻግሬ ጥጉ ድረስ ሄድኩና አየሁ። ከወዲያኛው ኮረብታ ላይ ዝናቡ እንደ መጋረጃ ወርዶ ይታያል፣ ጠርዙ ወደዚህ እየመጣ ነው፣ አንድ ሁለት ጠብታ እጄ ላይ አረፈ።

"ይዘንባል።"

ወረቀት ስትገልጥ ሰማኋት።

"ስንት ሰዓት ነው?"